ከምንጩ በላይ ያለውን ባሕር ዛፍ መቁረጥ፦ የአንድ ዓመት የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 10፦ ቦታውን መዞር

ቦታው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለ የቤተሰባችን የባሕር ዛፍ ማሳ ነው። ግማሽ ሄክታር ገደማ ይሆናል። ተዳፋት ነው። አባቴ የተከለው ነጭ ባሕር ዛፍ አንድ ጊዜ በምሳር ተቆርጦ፣ ከጉቶው እንደገና አቆጥቁጦ ነው እዚህ የደረሰው። ወፍራሞቹ 40 ሴ.ሜ ዲያሜትር፣ 25 ሜትር ቁመት አላቸው። ከታች ምንጭ አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ከዚያ ነው የሚቀዳው። ውሃው ግን ከዓመት ዓመት እየቀጠነ መጥቷል።

ዕቅዱ ይኸው ነው። በምንጩ ዙሪያና በፈፋው ግራና ቀኝ 20 ሜትር ድረስ ያለውን ባሕር ዛፍ አንስተን በሀገር በቀል ዛፍ እንተካለን። ከዚያ በላይ ያለውን ቆርጠን እንዲያቆጠቁጥ እንተወዋለን።

ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት በአንድ ምክንያት ነው (በአንዳንዱ ቀን ሥር በኋላ የሆነውንም ጨምሬበታለሁ)። ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ልጅ ዛፍ ሲቆርጥ ተጎድቶ እስካሁን በምርኩዝ ነው የሚሄደው። 20 ዓመት አልሞላውም። እዚህ ማሳ ላይ ማንም እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም።

ዛሬ ከጋሼ (የአባቴ ታላቅ ወንድም) ጋር ሆነን ዛፍ በዛፍ ዞርን። ቀይ ቀለም ይዘን አደገኞቹን ምልክት አደረግንባቸው፦ የደረቀ ቅርንጫፍ የተሸከሙትን፣ ወደ አንድ ጎን ያጋደሉትን፣ ከአንድ ጉቶ አራትና አምስት ሆነው የወጡትን። ጋሼ በምሳራቸው ጀርባ ግንዱን ኳ ኳ እያደረጉ ያዳምጣሉ። ድምፁ ባዶ ከሆነ ውስጡ በስብሷል ማለት ነው። ሰባት ዛፍ እንዲህ አገኘን። እኔ ብቻዬን ብሆን አንዱንም አላውቀውም ነበር።

በላይኛው ጠርዝ በኩል የመብራት መስመር ያልፋል። ሦስት ዛፎች ቢወድቁ ሽቦው ላይ ነው የሚያርፉት። እነሱን አንነካም። መስመሩ ተቋርጦ፣ መቋረጡም ተረጋግጦ ካልሆነ የሚሞከር ነገር አይደለም። ማመልከቻ አስገባሁ።

የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃዱም ተጠይቋል።

ኅዳር 17፦ ዕቃ ግዢ

አዲስ አበባ ሄጄ መርካቶን ዞርኩ። ሄልሜት አለ። ሽቦ መረብ ያለው የፊት መከላከያና የጆሮ መከላከያ የተገጠመለት ግን እንደልብ አይገኝም። አራት አገኘሁ፤ 9,600 ብር። ጓንት፣ ጫፉ ብረት ያለው ቦት ጫማ፣ ሦስት ፊሽካ፣ 60 ሜትር ወፍራም ገመድ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ፋሻ ለትንሽ ቁስል ነው። ለብቻው ትልልቅ ፋሻና ደም ማቆሚያ ማሰሪያ ከፋርማሲ ጨመርኩ።

ያላገኘሁት የቼይንሶ (በሞተር የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ) መከላከያ ሱሪ ነው። ውስጡ በቀጫጭን ረጃጅም ክሮች የተሞላ ነው። ካቴናው (ጥርስ ያለው የመጋዙ ሰንሰለት) ሲነካው ክሮቹ ተመዝዘው ይወጡና ጥርሱ ላይ ተጠምጥመው ማሽኑን ያንቁታል። ተራ ጂንስ ይህን አያደርግም። ሁለት ሱቅ ውስጥ ወፍራም የሸራ ሱሪ «እሱ ነው» ብለው አሳዩኝ። አይደለም። ጀርመን ያለችው የአጎቴ ልጅ በሚመጣ ሰው ልትልክልኝ ቃል ገባች። ስትገዛ ክፍል 1 የሚለውን ምልክት እንድታይ ነገርኳት። በሴኮንድ 20 ሜትር ለሚሮጥ ካቴና የተፈተነ ማለት ነው። ትልቅ ማሽን ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ከዚያም በላይ ሊሮጥ ይችላል። ስለዚህ ሱሪው ጉዳት ይቀንሳል እንጂ የብረት ግድግዳ አይደለም።

ሱሪው እስኪደርስ ትልቅ ቆረጣ አንጀምርም። ሁለት ሳምንት ይፈጅብናል። ይፍጅ።

ታኅሣሥ 3፦ የመጀመሪያው ማሽን ተመለሰ

ቼይንሶ ከነኦፕሬተሩ በቀን 2,500 ብር ተከራየሁ። ሱሪውም ደርሷል። ማለዳ ማሽኑን ፈተሽን።

ፍተሻው ቀላል ነው። ማሽኑን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ በሁለት እጅ ይዞ፣ ካቴናው እየዞረ ከፊት እጀታው በላይ ያለውን የእጅ መከላከያ ወደ ፊት መግፋት ነው። ካቴናው በቅጽበት ቀጥ ማለት አለበት። የእኛው አልቆመም። ፍሬኑ ከተበላሸ ቆይቷል። ኦፕሬተሩ «ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁበት» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን የሠራበት ሁሉ ዕድል ነው።

ፍሬኑ ለምን ያስፈልጋል? የባሩ ጫፍ (ባር የምንለው ካቴናው የሚዞርበት ረጅም ብረት ነው) በላይኛው ሩብ በኩል እንጨት ከነካ፣ ማሽኑ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይፈነጥራል። ወደ ፊትና ወደ አንገት ነው የሚመጣው። እጅ ሊይዘው አይችልም፤ ይቀድማል። ያኔ የእጅ መከላከያው ወደ ፊት ተገፍቶ ፍሬኑን ይይዛል። በዚያ ቅጽበት ዋናው መዳኛ እሱ ነው።

ማሽኑን መለስኩ። የቀኑን ሂሳብ ግን ለኦፕሬተሩ ከፈልኩ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሌላ ማሽን እስክናገኝ ሁለት ቀን አለፈ።

ታኅሣሥ 6፦ ነዳጅ

ሁለተኛው ማሽን ደህና ነው። ፍሬኑ ይይዛል፣ ካቴናው ቢበጠስ የሚይዘው ኩላብም አለው። ረዳቱ ልጅ ግን ቤንዚኑን ከተራ የመኪና ሞተር ዘይት ጋር ደባልቆ መጣ። ማሽኑ ነጭ ጭስ አፍኖ ጠፋ። ካንዴላውን ስንፈታው ጥቁር ቅባት ነው። ጠርገን፣ ነዳጁን ቀድተን አወጣን። ለእንዲህ ዓይነት ሞተር የተሠራ ዘይት ነው የሚያስፈልገው። የእኛው 50 ለ1 ነው። 5 ሊትር ቤንዚን ላይ 100 ሚሊ ሊትር። መለኪያ ጠርሙሱ ላይ በምስማር ጭሬ ምልክት አደረግኩበት።

የነዳጅ ቦታ ለይተናል። ከምንጩ ራቅ ብሎ፣ ከላይ፣ ሜዳው ላይ። ሥሩ ላስቲክ ተነጥፎ በላዩ ሰጋቱራ ተበትኗል። የፈሰሰው ሁሉ እሱ ላይ ይቀራል። ማሽኑ ሳይበርድ አንሞላም፤ ከሞላንበት ቦታም ቢያንስ 3 ሜትር ሳንርቅ አናስነሳም።

ታኅሣሥ 8፦ ክፍያውን ቀየርኩ

ይህን መጀመሪያ ነው ማሰብ የነበረብኝ። ከቅርንጫፍ ቆራጮቹ ጋር የተዋዋልኩት በዛፍ ቁጥር ነበር። ብዙ ለመለመለ ብዙ ይከፈለዋል። በአንድ ቀን ውስጥ ውጤቱን አየሁት። ዛፉ መሬት ከመንካቱ ሌላው እየሮጠ ይገባል። ሄልሜቱን «ያዘገየኛል» ብሎ ጉቶ ላይ ይሰቅላል። ምሳ የቆመ የለም።

ማታ አስቀምጫቸው ወደ ቀን ክፍያ ቀየርኩ። የገቢያቸውን ግምት አስልቼ፣ ከዚያ ትንሽ ጨምሬ። አንደኛው «ታዲያ ቀስ ብለን ብንሠራስ?» አለኝ። ቀስ በሉ አልኩት፣ እሱን ነው የምከፍላችሁ። ሥራው ሦስት ቀን ያህል ረዝሟል። ከሄልሜቱም ከሱሪውም በላይ የሠራው ይህ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውን እያስቸኮሉ «ተጠንቀቅ» ማለት ትርጉም የለውም።

ታኅሣሥ 11፦ አጣጣሉ

አሁን የምንሠራበት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

ዛፉ ሥር ያለው ቁጥቋጦ ይጸዳል። ዛፉ ከሚወድቅበት አቅጣጫ ወደ ኋላ በግራና በቀኝ በሰያፍ የሚወጡ ሁለት ማምለጫ መንገዶች ይጠረጋሉ። ቀጥታ ከኋላ መቆም አይቻልም፤ ግንዱ ተፈናጥሮ የሚመጣው ወደዚያ ነው። ከኦፕሬተሩ በቀር ማንም ከዛፉ ቁመት እጥፍ ርቀት ውስጥ አይገባም። 25 ሜትር ለሆነው ዛፍ 50 ሜትር ማለት ነው። እረኞች ስላሉ አንድ ሰው ታች መንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ፊሽካ ተዘጋጁ፣ ሁለት ሊወድቅ ነው፣ ረጅም ፊሽካ አቁም። የጆሮ መከላከያ ያደረገ ሰው ጩኸት ስለማይሰማ ከኋላው አይጠጋም፤ በፊት ለፊት መጥቶ እጅ ያሳየዋል። የቼይንሶ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው። ጆሮ መከላከያ ይደረግ የሚባለው ከ85 ጀምሮ ስለሆነ ለምቾት ብሎ ማውለቅ የለም።

ቆረጣው በመውደቂያው በኩል በአፍ (እንደ ተከፈተ አፍ ሆኖ በሚወጣ ቁራጭ) ይጀምራል። ለ40 ሴ.ሜ ግንድ አፉ 10 ሴ.ሜ ይገባል። ከዚያ ከኋላ፣ ከአፉ ወለል 3 ወይም 4 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ ይቆረጣል። መሐል ላይ 4 ሴ.ሜ ሳይቆረጥ ይቀራል። ይህን ማጠፊያ ብለነዋል፤ እንደ በር ማጠፊያ ዛፉን ይዞ ወደፈለግንበት የሚያወርደው እሱ ነው። ከኋላ ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቆቹን ጋሼ ከደረቅ ወይራ ጠርበው ሠሩልን። የብረት ሽብልቅ ካቴናው ከነካው ጥርሱን ያረግፈዋል።

ከአንድ ጉቶ ብዙ ሆነው የወጡት ሌላ ጣጣ ናቸው። እያንዳንዱ ወደ ውጭ ያጋድላል፣ ሥሩም ከአሮጌው ጉቶ ጋር የተያያዘው በደንብ አይደለም። ሲቆረጥ መሐሉ ተሰንጥቆ ወደ ላይ ሊመነጭቅ ይችላል። ከዳር ወደ ውስጥ አንድ በአንድ ነው የምናወርዳቸው። ለአንዱ ጉቶ ብቻ ግማሽ ቀን ሄዷል።

ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል። ጫፉ መወዛወዝ ሲጀምር እናቆማለን። አብዛኛው ቆረጣ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ነው።

ታኅሣሥ 15፦ ተንጠልጥሎ የቀረው

ዛሬ ተሳሳትን። ኦፕሬተሩ ማጠፊያውን በአንድ ጎን አሳልፎ ቆረጠው። ዛፉ ዞረና አጠገቡ ያለውን ዛፍ ተደግፎ ቆመ።

ሁሉም ሊረዳ ሮጠ። በረጅም ፊሽካ መለስኳቸው። በሰፈሩ የተለመደው ወይ ደጋፊውን ዛፍ መቁረጥ ነው፣ ወይ ወጥቶ ቅርንጫፉን መመልመል፣ ወይ የተንጠለጠለውን ከታች በቁራጭ በቁራጭ ማሳጠር። ሦስቱም ሰው የገደሉ ዘዴዎች ናቸው። ደጋፊውን ብትቆርጥ ሁለት ዛፍ አንድ ላይ፣ በማታውቀው አቅጣጫ ይመጣብሃል። የሰፈራችን ልጅ የተጎዳው እንዲህ ሲያደርግ ነው።

መጀመሪያ በረጅም ወራጅ ግንዱን ለማንከባለል ሞከርን። አልተነቃነቀም። ገመድ አስረን ከሩቅ ስምንት ሆነን ሳብን። አሁንም እምቢ። ቀኑ መሸ። ዙሪያውን በገመድ አጥረን፣ ቀይ ጨርቅ ሰቅለን፣ አንድ ሰው እስኪጨልም መንገዱን ጠበቀ። እረኞቹ ቤት ለቤት ተነገራቸው።

በነጋታው ጠዋት ከአንድ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ ቲርፎር (በእጅ የሚሠራ የሽቦ ገመድ መሳቢያ) ተከራየሁ፤ ለሁለት ቀን 3,000 ብር። ከሌላ ጉቶ ጋር አስረን፣ የግንዱን ሥር ወደ ኋላ፣ ከ30 ሜትር ርቀት ቀስ እያልን ጎተትነው። በ20 ደቂቃ ወረደ። 3,000 ብሩ አንድ ቀን አሳስቦኝ ነበር። የልጁ ምርኩዝ ሲታየኝ ተውኩት።

ታኅሣሥ 17 እስከ 25፦ የካቴና ዘይት

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው በዝርዝር ልጻፈው።

ካቴናው እንዳይግል ዘይት ይፈልጋል። የሚቀባው ዘይት ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ሁሉም በሰጋቱራ ላይና በመሬት ላይ ይረጫል። አገር ምድሩ የሚጠቀመው ከጋራዥ የሚወጣ የተቃጠለ ዘይት ነው፤ ርካሽ ነው ወይም በነጻ ይሰጣል። ዘይቱ ውስጥ ከሞተሩ የተበላ ብረት አለ፣ ለቆዳም ለሳንባም መጥፎ ነው። እኛ ደግሞ ከምንጭ በላይ ነን። በቀን እስከ 2 ሊትር እንጨርሳለን። በሃያ ቀን 40 ሊትር ጥቁር ዘይት ሕፃናት ከሚጠጡት ውሃ በላይ መርጨት ማለት ነው።

ሙከራ አንድ፦ የሚረጋው የፓልም የምግብ ዘይት። ርካሽ ስለሆነ። በደብረ ብርሃን ብርድ ሌሊቱን ታንኩ ውስጥ እንደ ቅቤ ረግቶ አደረ። ፓምፑ አልሳበም። ሳናስተውል አሥር ደቂቃ ቆርጠን ባሩ ጠቆረ። ካቴናው ላላ።

ሙከራ ሁለት፦ የኑግ ዘይት። ቀን ላይ ግሩም ሠራ። ማታ ሳንጠርገው ያደርነው ግን ጠዋት እንደ ሙጫ ተጣብቆ ካቴናው በእጅ አልዞር አለ። በቤንዚን አጥበን ፈታነው። ቤንዚኑን ደግሞ የት እንደምንደፋው ቸገረን፤ በጀሪካን ይዘን ተመለስን።

ሙከራ ሦስት፦ የጎመን ዘር ዘይት። አይረጋም፣ እንደ ኑግም ቶሎ አይጣበቅም። በየማታው ባሩንና ካቴናውን ጠርጎ ማሳደር ብቻ ይፈልጋል። ውድ ነው። ከሥራው ወጪ ሁሉ ያልጠበቅኩት እሱ ነው። በዚህ ቀጠልን። ሌላ ማድረግ የነበረብኝ የመቁረጫውን ስለት መጠበቅ ነበር። የደነዘ ካቴና ብዙ ዘይትና ነዳጅ ይበላል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ስለታሙ ቅርፊት መሳይ ፍቅፋቂ ይተፋል፣ የደነዘው ዱቄት። ለእኛ ካቴና ልኩ 5.2 ሚ.ሜ ክብ ሞረድ ነው፤ በ30 ዲግሪ፣ ነዳጅ በተሞላ ቁጥር ለእያንዳንዱ ጥርስ ሁለት ወይም ሦስት ምት።

ጥር 6፦ ምሳር

የተጎዳ ሰው አለን። በቼይንሶ አይደለም፤ በምሳር። ከገና በኋላ የተመለሰው ልጅ የወደቀውን ግንድ ሲመለምል ምሳሩ ቋጠሮ ላይ ነጥሮ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጠው። የቆመው ቅርንጫፉ ባለበት በኩል ነበር። መቆም የነበረበት ከግንዱ ማዶ ነው፤ ግንዱ በእሱና በምሳሩ መካከል ጋሻ ይሆን ነበር። ይህን እኔ አውቅ ነበር። ለእሱ ግን አልነገርኩትም፤ ሁሉም ያውቀዋል ብዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ትልቁን ፋሻ ጭነን ያዝንበት፣ እግሩን ከፍ አደረግን። ደሙ በግፊት ቆመ፤ ማሰሪያው አላስፈለገም። ከዚያ ነው ችግሩ የጀመረው። ማሳው ላይ ኔትወርክ የለም። ቃሬዛ የለንም። ከሁለት አጣናና ከጋቢ ቃሬዛ ሠርተን ወደ መንገዱ ተሸከምነው። ባጃጅ ለማግኘት 40 ደቂቃ ሄደ። ዘጠኝ ጥልፍ ተሰፋ። የሕክምናውንም የቀሩትንም ቀናት ክፍያ እኔ ሸፈንኩ። ድኗል፤ በሁለት ሳምንት ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፦ ቃሬዛ ማሳው ላይ ተሠርቶ ይቀመጣል። ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ምልክት ተደርጎበታል። የባጃጁ ልጅ በሥራ ቀን ይነገረዋል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አምስት ደቂቃ ቆመን ዛሬ የት እንደምንቆርጥና ማን የት እንደሚቆም እንነጋገራለን። ጋሼ መጀመሪያ «ይህ ሁሉ ወሬ ለአንድ ዛፍ?» ብለውኝ ነበር። አሁን እኔ ከረሳሁ እሳቸው ናቸው የሚሰበስቡን።

ጥር 22፦ ጣት

ኦፕሬተሩ ጠዋት ጣቶቹ ነጭ እየሆኑ እንደሚደነዝዙበት ነገረኝ። ለረጅም ጊዜ ሲሆነው ቆይቷል፤ «ብርድ ነው» ይል ነበር። ብርዱ ብቻውን አይደለም፤ የማሽኑ ንዝረት ነው የጣትን ደም ሥር የሚጎዳው። ብርዱ ያባብሰዋል። ከቆየ አይመለስም። የማሽኑን የላስቲክ መያዣዎች አየን፤ ሁለቱ ተሰንጥቀዋል፣ ተቀየሩ። ግማሽ ሰዓት ከቆረጠ በኋላ ሌላ ሥራ ይሠራል። ጠዋት እሳት ሞቆ፣ ጓንት ለብሶ ይጀምራል። ሐኪም እንዲያየውም ላክሁት።

የካቲት 9፦ ጉተታና በልግ

እርጥብ ባሕር ዛፍ ከባድ ነው። 1 ሜትር ኪዩቡ 1 ቶን ገደማ ይመዝናል። 40 ሴ.ሜ ወፍራም፣ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ግንዲላ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ በሬ ጠመድን። አጣናውና ማገሩ በሰው ትከሻ ወጣ፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በእኩል ቁመት ተጣምረው።

እዚህም ስህተት ሠራሁ። ግንዲላውን በአጭሩ መንገድ፣ ቀጥታ ቁልቁል አስጎተትኩ። መሬቱ ደረቅ ስለነበር ምንም አልመሰለኝም። የካቲት መጨረሻ ላይ የበልግ ዝናብ ጣለ። ጉተታው የሠራው ቦይ በአንድ ሌሊት ጉልበት የሚደርስ ጎርፍ ወረደበት። ጠዋት ምንጩ ቡና መስሎ አገኘነው። እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን እንስራቸውን ይዘው ቆመው ሳያቸው መሬት ዋጠኝ።

ጥገናው ስምንት ቀን ፈጀ። በቦይው ላይ በየ10 ሜትሩ አግድም፣ ትንሽ ወደ ታች ያዘነበለ የአፈርና የድንጋይ ክትር ሠራን፤ ውሃውን ወደ ሣሩ የሚያወጣ። መሐል መሐሉን በቅርንጫፍ ሞላነው። ከምንጩ በላይ ሁለት የድንጋይ ክትር ጨመርን። የቀረውን ግንዲላ በጠመዝማዛ መንገድ፣ ኮንቱሩን ተከትለን አወጣን። ከዘነበ በኋላ መሬቱ እስኪጠነክር አንጎትትም።

ምንጩን ጠርገን እስኪጠራ ድረስ በራሳችን ወጪ በአህያ ውሃ አቀረብን። ተገቢ ነው።

መጋቢት 4፦ ቅጠልና ጭራሮ

ቅጠሉንና ጭራሮውን መሬቱ ላይ በትኖ መተው ነበር ሐሳቤ፤ አፈሩን ይሸፍናል። የሰፈሩ ሴቶች ግን ለምጣድ ፈለጉት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ ምን ያህል እንደሚፈለግ ማንም ያውቃል። እዚህ ሰፈር ኩበት እንኳ ለማሳ ሳይውል የሚነደው እንጨት ስለጠፋ ነው። መከልከል ሕሊናዬ አልፈቀደም። ተስማማን፤ ከላይኛው ሜዳ ያለውን ሁሉ ይውሰዱ፣ ከተዳፋቱና ከፈፋው ዳር ያለው ይቅር። አልፎ አልፎ ከዚያም ተወስዷል። ብዙው ግን ቀርቷል።

አቃጥለን እንድንገላገል የመከረን ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ በዚህ ነፋስ እሳት ከተነሳ የሚቆም አይደለም።

መጋቢት 12፦ ጉቶ

የላይኛውን ጉቶ ከመሬት 10 ሴ.ሜ ያህል፣ ውሃ እንዳይቋጥር አዘንብለን ቆርጠነዋል። ቅርፊቱ ካልተቀደደ በደንብ ያቆጠቁጣል። በኋላ ከእያንዳንዱ ጉቶ ደህናዎቹን ሁለት ወይም ሦስት አስቀርተን ሌላውን እናነሳለን።

የምንጩ ዙሪያ ጉቶ ግን መሞት አለበት። መርዝ ቀቡበት ተባልን። ምንጭ ላይ አይሆንም። ሥሩን መንቀል ደግሞ ተዳፋቱን ያፈርሰዋል። የመረጥነው አድካሚውን ነው። ቅርፊቱን እስከ መሬት ልጠን በአፈር ቀበርነው። የበቀለውን ቡቃያ በየወሩ እንገነጥላለን። 64 ጉቶ። በስድስተኛው ወር 19ኙ ገና ያቆጠቁጡ ነበር።

ሐምሌ 8፦ ተከላ

400 ችግኝ፦ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ። ግማሹን ከቀበሌው ችግኝ ጣቢያ፣ ለአረንጓዴ አሻራ ከተዘጋጀው አገኘን፤ ግማሹን ገዛሁ። የመናገሻ ሱባ ጽዶች በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ዘራቸው ከዚሁ ከእኛ ሰሜን ሸዋ፣ ከወፍ ዋሻ ሄዶ እንደተተከሉ ይነገራል። ጉድጓድ ስንቆፍር ጋሼ ይህንኑ ለልጆቹ ሲያወሩላቸው ነበር።

አንድ ሕግ አወጣን። 400 ችግኝ ከገባ 400 ላስቲክ ይውጣ። የመጀመሪያው ቀን ማታ ስንቆጥር 31 ጎደለ። ከነላስቲኩ የተተከለ ነበር። በነጋታው ቆፍረን አወጣን። ላስቲኩ ውስጥ የቀረ ሥር ተጠማዞ ይታነቃል፣ ላስቲኩም ለዘለዓለም አፈር ውስጥ ይቀራል።

ኅዳር 2፦ ውርጭ

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ውርጩ ወረደ። በሦስት ሌሊት ፈፋው ዳር ያለው ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተተከለው ኮሶ ጠቁሮ ተገኘ። ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ተንዶ የሚቀመጠው እዚያ ነው። አዋቂዎቹ ሁሉ ያውቁታል፣ ገብሱንም እዚያ አይዘሩም። እኔ ለችግኙ አላሰብኩትም። ለቀሩት ከገለባና ከቅርንጫፍ ትንንሽ ጎጆ ሠራንላቸው፤ ማታ የሚሸፍን፣ በምሥራቅ በኩል የጠዋት ፀሐይ ቶሎ እንዳይመታቸው የሚከልል። ከዚያ ወዲህ የሞተው ጥቂት ነው።

ታኅሣሥ 5፦ ቆጠራ

ከ400 ችግኝ 262 በሕይወት አለ። ወይራው ከሁሉ በልጧል። ኮሶው በጣም ተጎድቷል፤ በሚቀጥለው ክረምት ከፍ ካለው ቦታ እንሞክረዋለን።

ለመከላከያ ዕቃ፣ ለእርዳታ ሣጥን፣ ለቲርፎር፣ ለጎመን ዘር ዘይትና ለሕክምና የወጣው ሲደመር ከእንጨቱ ሽያጭ አንድ አሥረኛ አይሞላም። በልጦ የወጣው ለክትር ጥገናው የከፈልኩት የቀን ሠራተኛ ነው። እሱ ደግሞ በእኔ አቋራጭ መንገድ የመጣ ነው።

ምንጩ ላይ 20 ሊትር ጀሪካን በሰዓት እየያዝን እንሞላለን። ባለፈው ታኅሣሥ ጀሪካኑ በ4 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ሞልቶ ነበር። ዛሬ በ3 ደቂቃ ከ35። ዘንድሮ ክረምቱም ጥሩ ነበር፣ ስለዚህ ሦስት ዓመት እንለካለን። ደብተሩ እትዬ ቤት ነው፤ ወር በገባ በ12ኛው ቀን የልጅ ልጃቸው ትለካለች።

ሄልሜቶቹንና ሱሪውን ሌላ ሰፈር ለሚቆርጡ ልጆች አውሰናቸዋል። ኦፕሬተሩ አሁን ፍሬን የሌለው ማሽን አይነካም፤ የጣቱ ድንዛዜም ቀንሷል።

የመብራቱ መስመር ሥር ያሉት ሦስት ዛፎች እንደቆሙ ናቸው። ማክሰኞ መስመሩ ይቋረጣል ተብለናል። ቲርፎሩን ይዘናል።